ራስ ቡጢን አይለምድም

የሺሺንዳ ገበያ ዕለት ጠዋት ከፈለኝ በራፌን ደበደበው።

«ሣህሌ፣ ተነስ! ያንን ልጅ ልናየው ነው» አለኝ።

ማንን እንደሆነ አልጠየቅሁም። በዚያ ሰሞን ቦንጋ ውስጥ «ያ ልጅ» ከተባለ የሺሺንዳው ቡጢኛ ኤሊ ነው።

ከፈለኝ ጎረቤቴ ነው። የከተማችን የቡጢ አሠልጣኝም ነው። በደርግ ጊዜ ወታደር ነበር፤ እዚያው ቡጢ ተጫውቷል። ሠራዊቱ ሲበተን ወደ ቦንጋ ተመለሰና በአንድ አሮጌ የበቆሎ መጋዘን ውስጥ ወጣቶች ሰብስቦ ማሠልጠን ጀመረ። እኔ ጡረተኛ ነኝ። በመጋዘኑ የዙሩን ደወል እመታለሁ። ደወሉ የመኪና ቸርኬ ነው። በዕድሜዬ ቡጢ ተመትቼ አላውቅም። ሲመታቱ ግን ብዙ አይቻለሁ።

ነገሩ የሆነው ሚሌኒየሙ ከተከበረ በኋላ ባለው ዓመት ነው። የዞኑ ውድድር ለሚቀጥለው እሑድ ተቀጥሮ ነበር። ያሸነፈ ሐዋሳ ሄዶ በክልሉ ውድድር ይገጥማል። ከእኛ ሰፈር የሚገጥመው ተድላ ነው። ተድላ የከፈለኝ የሟች እህቱ ልጅ ነው፤ ያሳደገውም እሱ ነው። ከሺሺንዳ የሚመጣው ደግሞ ኤሊ ነው፤ ወድቆ የማያውቀው ኤሊ። ባለፈው ዓመት የእኛ ልጆች አገጩን እያገኙ መቱት። ያመማቸው ግን እጃቸውን ነበር። አንዳንዱ የራስ ቅሉ ድርብ ነው አለ። አንዳንዱ ሥር ይጠጣል አለ።

«እኔ ግን ደርሼበታለሁ» ይላል ከፈለኝ። «ከልጅነቱ ሲቀጠቀጥ ያደገ ነው። ራሱ ለምዷል።»

ይህ የከፈለኝ ሃይማኖት ነበር። በመጋዘኑ መሐል በቆሎ የተጠቀጠቀበት የቆዳ ከረጢት ከወራጁ ላይ በገመድ ተንጠልጥሏል። ስሙ «መምህሩ» ነው። ልጆቹ ተራ በተራ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይቆማሉ። አንዱ ከረጢቱን ገፍቶ ይለቀዋል፤ የቆመው በግንባሩ ይቀበላል። ያልተንገዳገደ ይጨበጨብለታል። የተንገዳገደ ይደገምበታል።

ለውድድሩ ብሎ ከፈለኝ ተድላን በየቀኑ መምህሩ ፊት ያቆመው ነበር።

መናኸሪያ ስንደርስ ሚኒባሱ ሊሞላ ተቃርቧል። አንዲት ወጣት ከመቀመጫዋ ብድግ አለች።

«ጋሽ ከፈለኝ፣ ጋሽ ሣህሌ፣ እዚህ ይቀመጡ። እኔ ከኋላ እሆናለሁ።»

የጎረቤታችን የአቶ ጥሩሰው ልጅ ትሕትና ናት። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ስፖርት ሳይንስ ተምራ ዋጫ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታስተምራለች። ወላጆቿን ጠይቃ ወደ ሥራዋ መመለሷ ነበር።

«አይሆንም፣ እዚሁ ተጠጋጉ!» አለች አጠገቧ ያለችው ሴት። «ሳጥኔን ብቻ እንዳትነኩብኝ!»

እትዬ በላይነሽ ናት። ሺሺንዳ ውስጥ ሻይ ቤት አላት። ጭኗ ላይ ከዋንዛ የተሠራ ሳጥን ታቅፋለች። በውስጡ ገለባ ላይ የተደረደረ እንቁላል አለ።

መኪናው ተነሣ። ትሕትና ወዴት እንደምንሄድ ጠየቀች። ከፈለኝ ነገራት፤ ስለ ኤሊ ነገራት፤ ስለ መምህሩም በኩራት ነገራት።

«አንቺ መምህር ነሽ» አላት። «እኔም መምህር አለኝ። ደመወዝ አይጠይቅ፣ ስብሰባ አይሄድ!»

ሰው ሳቀ። እሷም ሳቀች። ከዚያ ወደ እሱ ጠጋ አለች።

«ጋሼ፣ ባይቆጡኝ አንድ ነገር ልጠይቅ?»

«ጠይቂ።»

«መምህሩ ምኑን ነው የሚያጠነክረው?»

«ራሱን ነዋ! እጅ በመጥረቢያ ይሻክራል። እግር በመንገድ ይጠነክራል። ራስ ምን ልዩ አለው?»

«እጅ የሚሻክረው ቆዳው ነው፣ ጋሼ። ራስን ሲመቱት የሚጎዳው ግን ቆዳው አይደለም፤ አጥንቱም አይደለም። ውስጥ ያለው አንጎል ነው። አንጎል አይሻክርም። ቢመቱት ይጎዳል እንጂ አይለምድም።»

«ተማሪ ቤት የተጻፈ ነገር!» አለ ከፈለኝ። «የጻፈው ሰው ቡጢ ቀምሷል?»

መኪናው ጉድጓድ ውስጥ ሊገባ ሲል እትዬ በላይነሽ ወደፊት አየችና ሳጥኑን ከጭኗ ከፍ አድርጋ ደረቷ ላይ አጣበቀችው። መኪናው ዘለለ። ሳጥኑ አልዘለለም።

ትሕትና ፊቷ በራ።

«እትዬ በላይነሽ፣ ሳጥኑ ጠንካራ ነው?»

«ዋንዛ ነው እኮ! ቢረግጡት አይሰበርም።»

«ታዲያ ለምን ያነሡታል?»

«ሳጥኑ ባይሰበር እንቁላሉስ? እርስ በርሱ ተጋጭቶ ያልቅልኛል እኮ!»

«አዩ፣ ጋሼ?» አለች ትሕትና ወደ ከፈለኝ ዞራ። «የራስ ቅል ሳጥኑ ነው። አንጎል እንቁላሉ ነው። ቡጢ ሲያርፍ ሳጥኑ ይናወጣል፤ እንቁላሉ ግድግዳው ላይ ይጋጫል። ሰው ራሱን የሚስተው ያኔ ነው። እንቁላሉን የሚያተርፈው የሳጥኑ ጥንካሬ አይደለም። አጥብቆ የያዘው ሰው ነው። የቡጢኛ ሳጥን የሚያዘው በአንገት ነው።»

«አንገት?» አለ ከፈለኝ።

«አንገቱ የጠነከረ፣ አገጩን ደረቱ ላይ የደፋ፣ የጥርስ መከላከያውን ነክሶ የያዘ ሰው ራሱ ብዙ አይወዛወዝበትም። ሁለተኛው ዓይን ነው። እትዬ በላይነሽ ጉድጓዱን ቀድመው ስላዩት አነሡት።»

«ለካስ እኔ ቡጢኛ ኖሬያለሁ!» አለች እትዬ በላይነሽ።

ሹፌሩ ሳይቀር ሳቀ። መሳቁ ግን ጎዳን። በዝናብ ውኃ የተሸፈነ ጉድጓድ ነበር፤ እሱም አላየው፣ እትዬ በላይነሽም አላየችው። መኪናው ወርዶ ወጣ። ሁላችንም ጣሪያውን በራሳችን ገጨን። ከሳጥኑ ውስጥ «ቀሽ» የሚል ድምፅ ተሰማ።

«ውይ እንቁላሌን!» አለች። ሳጥኑን ከፍታ አየች። ከአንደኛው ጥግ ያሉት ፈሰዋል። ሳጥኑ ጭረት እንኳ አልነበረበትም።

ከፈለኝ ሳጥኑን ትክ ብሎ አየው።

«ያላዩት ነው የሚሰብረው» አለች ትሕትና በቀስታ።

«ይህማ ሹፌሩ ነው የሰበረው!» አለች እትዬ በላይነሽ። «ጋሽ ከፈለኝ፣ እስቲ የቀሩትን ለእርስዎ መምህር እንስጠውና በየቀኑ እያንኳኳ ያጠንክርልኝ!»

የመኪናው ሰው ሁሉ አሽካካ። ከፈለኝ አልሳቀም። ግን አልተሸነፈም።

«ሺሺንዳ እንደርሳለን» አለ። «ልጁ ራሱ ይናገራል።»

ትሕትናም የዋጫ መኪና እስኪሞላ ተከትላን መጣች፤ ኤሊን ገበያው ዳር አገኘነው። አይሱዙ ላይ ቡና ይጭናል። ጆንያውን ማጅራቱ ላይ አድርጎ በሳንቃው ላይ እየረገጠ ይወጣል፤ ጥሎ ይወርዳል፤ ሌላ ይደግማል። ከጓደኞቹ ጋር በካፊኖኖ ቋንቋ እየተቀላለደ ነው። ከፈለኝ ግንባሩን አየ። ትሕትና አንገቱን አየች። እኔ ሁለቱን አየሁ።

ልጁ ከፈለኝን ሲያውቀው ጆንያውን አውርዶ እጅ ነሣ።

«ጋሼ፣ ሊሰልሉኝ መጡ?» አለና ሳቀ።

«አዎን» አለ ከፈለኝ። እውነት መናገሩን ወደድኩለት። «አንድ ነገር ንገረኝ። አባትህ ይመታህ ነበር?»

«አባቴ? አባቴ ማር ቆራጭ ነው። ዛፍ ላይ ነው የሚውለው። እስኪወርድ ድረስ እናቴ ጥፋቴን ትረሳዋለች።»

«ወንድሞችህስ?»

«ያሉኝ እህቶች ናቸው። ያሸክሙኛል እንጂ አይመቱኝም።»

«በልምምድስ ማን ነው የሚመታህ?»

«ማን አለ ብለው ነው? ሺሺንዳ ውስጥ ከእኔ ሌላ ቡጢኛ የለም። ውድድር ካልሆነ በቀር ማንም መትቶኝ አያውቅም።»

ከፈለኝ ፊቱ ተለወጠ። ጠላት ከሌለበት ምሽግ ውስጥ የገባ ወታደር መሰለ።

«ታዲያ በምን ትለማመዳለህ?»

«ቤት ውስጥ የበቆሎ ራስ በገመድ አንጠልጥያለሁ። እገፋውና ሲመለስ እሸሸዋለሁ። አገጬን ደፍቼ ከቅንድቤ ሥር አየዋለሁ። ሰውም ሲመታኝ እንደዚያው ነው። ሲመጣ ካየሁት አብሬው ትንሽ እሄዳለሁ። ሰው አገኘኝ ብሎ ያስባል።»

«ወድቀህ አታውቅማ!»

ኤሊ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አምና ያላየሁት አንድ መጣብኝ። ከጎን። እግሬ የሌላ ሰው እግር ሆነብኝ። ገመዱን ተደግፌ ነው የተረፍኩት። ለማንም እንዳይናገሩብኝ፣ ጋሼ።»

ከፈለኝ የልጁን አንገት አየ። ከዚያ ወደ ትሕትና ዞረ። ድምፁ ውስጥ የነበረው ፌዝ ጠፍቷል።

«እሺ፣ አንገትና ዓይን። ሌላ የለም?»

«አለ፣ ጋሼ። ትንፋሽ አለ። የደከመ ሰው አገጩ ይነሣል፤ አንገቱ ይላላል። ውኃ አለ። ክብደት ለመቀነስ ብለን ልጆቹን እናስጠማቸዋለን። የደረቀ ሰው ቡጢ አይችልም። ከሁሉም የሚበልጠው ግን ትናንት ነው።»

«ትናንት ምን ማለት ነው?»

«ትናንት ተጎድቶ ያላገገመ ራስ ዛሬ በትንሽ ቡጢ ይወድቃል። አንዳንዴም አይነሣም።»

«ከተፈጥሮስ ምንም የለም? አንዳንዱ እንዲሁ ጠንካራ ሆኖ አይወለድም?»

«ይኖራል። ሁሉም ሰው እኩል አይደለም። ምክንያቱን ሙሉ በሙሉ የሚያውቅ የለም፤ እኔም ዐውቃለሁ አልልም። ግን ከተወለደበት የጠነከረ ራስ በመደብደብ ያገኘ ሰው አልታየም። ያጣ ግን ብዙ ነው።»

ያን ጊዜ ተናገርኩ።

«ተድላ ከመምህሩ ፊት ዞር ባለ ቁጥር መጋዘኑ ኋላ ሄዶ ያስመልሰዋል። ቤቱን ስቶ በኔ በር ገብቷል። ነግሬሃለሁ፣ ከፈለኝ። እየለመደ ነው ብለኸኛል።»

ትሕትና ደነገጠች። «ራሱን ያመዋል?»

«ብርሃን ይሸሻል» አልኳት።

«ጋሼ፣ ይህ ልጅ እሑድ ከኤሊ ጋር ሊገጥም ነው?»

ከከፈለኝ በፊት ኤሊ መለሰ።

«እኔ የታመመ ሰው አልመታም» አለና ጆንያውን አነሣ።

የዋጫው መኪና ጥሩምባ ነፋ። ትሕትና ዞር ብላም አላየችው። «ዋጫ ነገ እደርሳለሁ» አለችና ከእኛ ጋር ወደ ቦንጋ ተመለሰች።

መጋዘኑ ስንገባ ጭብጨባ ነበር። ተድላ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሟል። ሃሌሉያ መምህሩን ወደ ኋላ ስቦ ይዟል። ሃሌሉያ የተድላ እኩያና በክብደትም እኩል ነው። ከፈለኝ «የሽንት ቤት ዘበኛ» ይለዋል፤ የመምህሩ ተራ ሲደርሰው እዚያ ይደበቃልና።

«አቁም!» አለ ከፈለኝ።

ሃሌሉያ ገመዱን በሁለት እጁ ያዘ። ጭብጨባው ቆመ።

«አጎቴ፣ ዛሬ አንዴም አልተንገዳገድኩም!» አለ ተድላ። ፈገግ ብሏል። ፈገግታው ዘግይቶ የመጣ ይመስል ነበር።

ትሕትና ቀረበች። «ተድላ፣ ጨዋታ እንጫወት። አንዱን እግር ከሌላው ፊት አድርገህ፣ ዓይንህን ጨፍነህ፣ ወራቱን ከጳጉሜን ወደ ኋላ ጥራቸው።»

«ይህማ ለማንም ከባድ ነው!» አለ ከፈለኝ። «ቆይ፣ እኔ ልሞክረው።»

ሽማግሌው እግሩን ከእግሩ ፊት አቆመ። ዓይኑን ጨፈነ። ጳጉሜን፣ ነሐሴ፣ ሐምሌ፣ ሰኔ እያለ ሳይደናቀፍ መስከረም ደረሰ። ልጆቹ አጨበጨቡለት። ዓይኑን ሲከፍት ግን አልተደሰተም። ራሱን ማምለጫ እንዳሳጣ ገብቶታል።

«አሁን አንተ» አለው።

ተድላ ቆመ። ጨፈነ። «ጳጉሜን… ነሐሴ… ሐምሌ…» አለ። ቆመ። «ሐምሌ…» አለ ደግሞ። «ሚያዝያ…»

እንደ ተቆረጠ ዛፍ ወደ ጎን ዘመመ። ሃሌሉያ ገመዱን ለቆ ያዘው። የተለቀቀው መምህር ባዶ አየር ውስጥ ሄደና ተመለሰ።

ማንም አልሳቀም። ከፈለኝ ልጁን ተቀብሎ አግዳሚው ላይ አስቀመጠው። እጁን ግንባሩ ላይ አደረገለት። ይህን ሲያደርግ ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም።

«እሑድ አትገጥምም» አለው።

ተድላ ብድግ አለ። «ለምን? በየቀኑ የቆምኩት ለምንድን ነው? ሰው ምን ይላል? ፈራ ይላል! ሐዋሳስ?»

«ሐዋሳ የትም አትሄድም። አንተ ነህ እየሄድክብኝ ያለኸው።»

«አጎቴ፣ አንተ አይደለህም እንዴ ራስ ይለምዳል ያልከኝ?»

«እኔ ነኝ» አለ ከፈለኝ። «ተሳስቻለሁ።»

በሁሉም ፊት ነው ያለው። ትሕትና መሬት መሬት አየች። ከጦሩ የተመለሰ ሽማግሌ ይህን ቃል ሲያወጣ መስማት ቀላል አይደለም።

በዚያው ቀን ተድላን ወደ ሐኪም ወሰድነው። ሐኪሙ ዕረፍት አዘዘ፤ እስኪፈቅድለት ድረስም ራሱ አንድ ቡጢ እንዳይነካው አለ። በተድላ ቦታ የሚገጥም ጠፋ። ክብደቱ የሚሆነው የሽንት ቤቱ ዘበኛ ብቻ ነው።

«እኔ?» አለ ሃሌሉያ። «ከኤሊ ጋር? ጋሼ፣ ምን አጠፋሁ?»

«ምንም አላጠፋህም» አለ ከፈለኝ። «ከመምህሩ ስትሸሽ ስለኖርክ እዚህ ቤት ውስጥ ደህና ራስ ያለህ አንተ ብቻ ነህ።»

ያ ሳምንት ሌላ ሳምንት ነበር! አንገት በአንድ ሳምንት አይወፍርም፤ ይህንን ትሕትና ነግራናለች። ዓይን ግን ይማራል። ከፈለኝ የበቆሎ ራስ አንጠለጠለ። ሃሌሉያ አገጩን ደፍቶ፣ ነክሶ፣ ከቅንድቡ ሥር እያየ ሸሸው። ውኃ ሲጠማው ጠጣ። ተድላ መጀመሪያ አኩርፎ ቤቱ ቀረ። ኋላ መጥቶ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ተቀምጦ መቆየት አልቻለም።

«አገጭ!» ይላል። «አገጭህን ቅበረው!»

እሑድ ደረሰ። የሺሺንዳ ሰው በአይሱዙ ተጭኖ እየዘፈነ ገባ። እትዬ በላይነሽ ከፊት ናት። ትሕትና ከዋጫ መጣች። ሜዳው ሞላ፤ ዛፉ ላይ ሳይቀር ሰው ነበር። ደወሉን መታሁ።

በመጀመሪያው ዙር ኤሊ አገኘው። አንድ ቀጥታ፣ ከባድ፣ ሕዝቡ «ኡ!» ያለበት። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስከፍተው ሃሌሉያ ቆሟል። አይቶታል! አብሮት ትንሽ ሄዷል። ደነገጠ እንጂ አልወደቀም። ከዚያ ምን እንደገባበት አላውቅም፤ ፍርሃቱ ጥሎት ሄደ። መታ። ተመታ። ደግሞ መታ። ተድላ ከጥጉ «አገጭ! አገጭ!» እያለ ድምፁ ተዘጋ።

በመጨረሻው ዙር ያላየው መጣ። ከጎን። ሃሌሉያ በጉልበቱ መሬት ነካ። ዳኛው መቁጠር ጀመረ። ከፈለኝ ግጥሚያውን የሚያስቆምበትን ፎጣ ጨብጦ ገመዱ ላይ ዘለለ።

«ማን ነህ? የት ነህ? ቀኑ ምንድን ነው?» ብሎ ጮኸ።

«ሃሌሉያ ነኝ! ቦንጋ ነኝ! እሑድ ነው! ደግሞም እየተሸነፍኩ ነው!»

ሜዳው በሳቅና በጩኸት ተናጋ። ዳኛው ሳይቀር ሳቀና ዓይኑን አይቶ ፈቀደለት። ፎጣው ከከፈለኝ እጅ አልወጣም። ግን ለመጣል የተዘጋጀ እጅ ነበር፤ አይቼዋለሁ። ሃሌሉያ ተነሣ። ደወሉን እስክመታ ድረስ በእግሩ ቆመ።

በነጥብ ተሸነፈ። የሺሺንዳ ሰው ጨፈረ። የእኛም ሰው ጨፈረ፤ ከኤሊ ፊት እንዲህ የቆመ የቦንጋ ልጅ ስላልነበረ። ኤሊ መጥቶ የሃሌሉያን እጅ አነሣለት። «አሁን የምለማመድበት ሰው አገኘሁ» አለ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። ተድላ ለወራት ዐረፈ። ራስ ምታቱ ለቀቀው። አንድ ጠዋት በራፌ ላይ ቆሞ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ወራቱን ከጳጉሜን ወደ ኋላ ጠርቶልኝ እየሳቀ ሄደ። ሐኪሙ ሲፈቅድለት ወደ ገመዱ ተመለሰ። መጋዘኑ ውስጥ የሚያስመልስ የለም። ወላጆች ልጆቻቸውን ሳይሳቀቁ ይልካሉ። ልጆቹ በትምህርታቸው አይደነዝዙም። የሚወድቁትም ከቀድሞው ያነሱ ናቸው። ያየሁትን ነው የምጽፈው።

መምህሩም ሥራ አልፈታም። ከፈለኝ ገመዱን ቆርጦ ከወራጁ አወረደው። ግማሹን በቆሎ ለዶሮ በትኖ፣ በቀረው ላይ የቆዳ ማንገቻ ሰፋበት። ልጆቹ ማንገቻውን ግንባራቸው ላይ አድርገው በአንገታቸው ቀስ እያሉ ያነሡታል። ሃሌሉያ «መምህሩ ተዛወረ» ይላል።

በቀደም ደካ ከሚባል ቦታ አንድ አባት ልጁን ይዞ መጣ።

«ጋሽ ከፈለኝ፣ ራሱን አጠንክሩልኝ» አለ።

ከፈለኝ የልጁን ራስ ዳሰሰ።

«ራሱን እንዳመጣኸው እመልስልሃለሁ» አለው። «የማጠነክረው አንገቱንና ዓይኑን ነው።»